ሞተሩ ተገዛ፤ ካምቢዮውስ?

አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ላለው የጭሮ ሰው ዘንድሮ ምርጫው ጠቧል። ሌላ መኪና መግዛት? እርሱት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለቆዩ ያገለገሉ መኪኖች እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ይዞ መጣ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው፤ ግን ከመቻራ ጫት ጭኖ ለሚወጣ ሰው ቢያንስ ለዛሬ መልስ አይሆነውም። ስለዚህ ያለችውን መኪና ማቆየት ግድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚነሳው ሐሳብም ይታወቃል፦ የቤንዚኑን ሞተር አውርዶ ያገለገለ የናፍጣ ሞተር መስቀል።

ሐሳቡን አልቃወምም። የምቃወመው ስሌቱን ነው። ሰው የሞተሩን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። ካምቢዮው ትዝ የሚለው ሞተሩ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ተደጋጋፊ ዕቃዎች የሚባል ነገር ነበር፤ ሻይና ስኳር እንደማለት። ሞተርና ካምቢዮ ከዚህም ይብሳሉ። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ሞተር ያለ ካምቢዮ ግን ቆሞ የሚጮህ ብረት ነው።

በመጀመሪያ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ እንይ። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚባለው ወሬ አርጅቷል። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ተመን አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ 2 ብር ከ49 ሳንቲም ብቻ! ትርፍ ካለ የሚገኘው የናፍጣ ሞተር በአንድ ሊትር ራቅ ብሎ ስለሚሄድና ዳገት ላይ በዝቅተኛ ዙር ስለሚጎትት ነው። ይህ ትርፍ ደግሞ የሚመጣው በትንሽ በትንሹ፣ በወራት ውስጥ ነው። መኪናዋ በየወሩ ጋራዥ ከገባች ትርፉ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ከሞተሩ ጀርባ ፍላይዊል የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከካምቢዮው ወደፊት ጥርስ ያለው ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ በዲስኩ መሃል ያልፍና ጫፉ ክራንክሻፍቱ ጀርባ ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ደወል የሚመስል የብረት ቤት ይሸፍነዋል። ሞተርና ካምቢዮ እርስ በርስ የሚታሰሩትም በዚህ ቤት ነው።

የሁለት የተለያዩ መኪኖች ዕቃ ሲገናኝ የብሎኖቹ ቀዳዳ አይገጥምም። እዚህ ጋ ነው ቶርኖ ቤት የሚሠራው ወፍራም የብረት ሰሌዳ፣ አዳፕተሩ፣ የሚያስፈልገው። እንደ ሽማግሌ ነው፤ መሃል ገብቶ የማይተዋወቁ ሁለት ቤተሰቦችን ያስማማል። ሽማግሌው ራሱ ጠማማ ከሆነ ግን ትዳሩ አይቆይም። የክራንክሻፍቱ መሃልና የካምቢዮው ዘንግ መሃል በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። በሙያው የሚፈቀደው ስህተት የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ፣ ማለትም የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ይህ በዓይን አይለካም፤ ዳያል ጌጅ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ሰሌዳው ውፍረት ስላለው ካምቢዮውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያኔ የዘንጉ ጫፍ ኩሽኔታዋን በደንብ ላይዛት ይችላል። ዲስኩም ሁለት ጌታ አለው፦ ስፋቱ ለሞተሩ ፍላይዊል፣ የመሃሉ ጥርስ ለካምቢዮው ዘንግ መስማማት አለበት። ሞተሪኖው ከፍላይዊሉ ጥርስ ጋር በትክክል ካልተገናኘ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መግፋት ነው።

አጎቴ ይህን የተማረው በገንዘቡ ነው። ሞተሩን መርካቶ ሶማሌ ተራ አስገዛ፤ አንድ ጋራዥ ሰሌዳውን በግምት በስቶ ገጠመለት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው «እንዴት ያለ ጉልበት!» አለ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዲስክ ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ። በመጨረሻ ከበዴሳ ጫት ጭኖ ወደ ጭሮ ሲመጣ ዳገት ላይ ቆመ። ጫት አያድርም፤ ጠውልጎ ገበያ ከደረሰ ዋጋው ወድቋል። የዚያን ቀን ኪሳራ የጫቱ ነጋዴም ቀማሽ ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ የማርሽ ስሌት ነው። የቶዮታ ሃይሉክስን ሁለት ሞተሮች እንውሰድ። ቤንዚኑ 22አር 2,366 ሲሲ፣ ናፍጣው 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው። በይዘት ወንድማማች ናቸው። ቤንዚኑ ግን ከፍተኛ ጉልበቱን በ4,800 ዙር አካባቢ ሲሰጥ ናፍጣው 4,200 አካባቢ ላይ ያበቃል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የቤንዚኑ እንደሆኑ ከቀሩ በእያንዳንዱ ማርሽ የሚደረስበት ፍጥነት 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሹፌሩ «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል፤ እንቆጥባለን ያልነው ናፍጣ በጭስ ይወጣል።

ከፍታም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጨርጨር ተራሮች ከዚያም ይበልጣሉ። ሻጩ የነገራችሁ የፈረስ ጉልበት እዚህ ስትደርሱ አንድ ስድስተኛው ያህል የለም።

«ታዲያ ትልቅ ሞተር እናስገባ» የሚል አይጠፋም። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሞተር በቀላል ፒክአፕ ካምቢዮ ላይ? ችግሩ አንደኛ ማርሽ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል አራት እጥፍ አካባቢ ማባዛቱ ነው። በዚያ ላይ የናፍጣ ሞተር ሲፈነዳ ምቱ ከባድ ነው፤ ቤንዚን 9 ለ1 ገደማ ሲጨምቅ ናፍጣው ከ20 ለ1 በላይ ይጨምቃል። ቀጭን ካምቢዮ ይህን ዱላ አይችልም።

በደንብ ከተሠራ ግን ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አውስትራሊያ ለጦሯ ያስገጣጠመቻቸው ፔረንቲ የሚባሉ ላንድሮቨሮች የሚጎትቱት በአይሱዙ 3.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነበር። ካምቢዮው የላንድሮቨር ነው፤ ያውም ስምንት ሲሊንደር ላለው የሬንጅሮቨር ቤንዚን ሞተር ያገለገለው ጠንካራ ካምቢዮ። ጦሩ እነዚህን መኪኖች ለአሥርት ዓመታት ነዳቸው። ምስጢሩ ያለው ጉልበቱን የሚችል ካምቢዮ መምረጡና መጋጠሚያው በልክ መሠራቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሞተሩን ከነካምቢዮው የሚሸጥ ካለ ውድ ቢመስልም ዋጋውን ጠይቁና ከአዳፕተር፣ ከቶርኖ፣ ከዲስክና ከሞተሪኖ ድምር ጋር አወዳድሩ። እሱ ከሌለ ቢያንስ ለዚያ ሞተር የተሠራውን ደወል መሰል ቤት ፈልጉ፤ አንዳንድ ካምቢዮ ላይ ይህ ቤት ተነቃይ ስለሆነ ሰሌዳ ላያስፈልግ ይችላል። መካኒኩን «መሃሉን በምንድን ነው የምትለካው?» ብላችሁ ጠይቁት። «በልምድ» ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ወረቀቱንም አትርሱ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ደረሰኝና ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር ከገዛችሁ ቦሎ ስታድሱ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ጣጣው ይመጣል። ሞተሩ ሳይወርድ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ምን እንደሚፈለግ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ደምሩ፦ ሞተር፣ መጋጠሚያ፣ ፍሪሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናዋ የምትቆምባቸው ቀናት ገቢ። ድምሩን በወር በምትቆጥቡት የነዳጅ ገንዘብ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር መኪናዋ ከምትቆይበት ወራት ከበለጠ የቤንዚኑን ሞተር ማደስ ይሻላችኋል።