"ዶክ፣ ካርዴ ላይ እንዳትጽፈው"፦ እንቅልፍ ያጣው ፓይለት



ዛሬ የማካፍላችሁ የአንድ ጓደኛዬን ታሪክ ነው። ስሙንም የሚሠራበትን ድርጅትም አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፤ "አንድ ሰው እንኳ ቢማርበት ይበቃኛል" ብሎ።

ጓደኛዬ ፓይለት ነው። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ከሦስት ዓመት በፊት ገልፍ አገር ውስጥ ገና ሥራ የጀመረ ትንሽ አየር መንገድ ቀጠረው። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ እዚሁ ቀሩ። ሰፈር ውስጥ "አለፈለት" ተባለ። እውነት ለመናገር እኔም እንደዛ ነበር የማስበው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥቶ ክሊኒኬ ብቅ አለ። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። "ዶክ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የሆነ ነገር እዘዝልኝ፤ ግን ካርዴ ላይ እንዳትጽፈው" አለኝ።

ለምን? አልኩት። ቁጭ ብሎ ያወራልኝ ጀመር።

ኮንትራቱ ላይ መሠረታዊ ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ያለው የበረራ ሰዓት ላይ ነው። ካልበረረ አይከፈለውም። ታመምኩ ብሎ የቀረበት ቀን ከኪሱ ይወጣል ማለት ነው። ድርጅቱ አዲስ ስለሆነ ፓይለት አይበቃውም፤ ሁለት ሰው ሲለቅ የእነሱም በረራ እሱ ላይ መጣ። ፕሮግራሙ ማታ በስልክ መልእክት ይቀየራል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፓይለት በየጊዜው የሕክምና ምርመራ አልፎ ሰርተፍኬቱን ማሳደስ አለበት። ያቺ ወረቀት ከሌለች በረራ የለም። "አንድ መስመር ብትጻፍብኝ አለቀልኝ" አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን ነገረኝ። አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ተሳፋሪ ይዘው እየበረሩ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ሁለት ደቂቃ ይሁን አምስት አያውቅም። ዞር ብሎ ሲያይ ረዳቱም ተኝቷል።

ይሄ የእሱ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ 153 ተሳፋሪ የጫነ አውሮፕላን ላይ ሁለቱም ፓይለቶች ለ28 ደቂቃ ያህል ተኝተው ተገኝተዋል። ረዳቱ ቤቱ ውስጥ የአንድ ወር መንታ ሕፃናት ነበሩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አረፉ።

ሰውነታችን ምን ሆኖ ነው?

✅ ውስጣችን ሰዓት አለ። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ንቃታችን በጣም ይወርዳል። ጎበዝም ሆንን ሰነፍ፣ ሰውነት ያን ሰዓት "ተኛ" ይላል።

✅ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው የሚሠራው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። አልጠጣም፣ ግን እንደጠጣ ነው።

✅ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ይሄ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው! እኛ ለምደነዋል፤ እሱ ግን የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ነው። አየሩም ደረቅ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ለመተኛት ብሎ ከፋርማሲ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒን ይገዛ ነበር። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ግን ድንዛዜያቸው በማግስቱም አይለቅም። እሱን ለማባረር ቡና፤ ቡናው ደግሞ ቀን እንዳይተኛ። አዙሪት ውስጥ ገብቷል።

ግፊቱን ለካሁት፦ 150 በ95። ያንኮራፋል ወይ ብዬ ባለቤቱን ስጠይቃት "ኧረ ዶክተር፣ ትንፋሹ ቆም ሲል እየደነገጥኩ እቀሰቅሰዋለሁ" አለችኝ። ስሊፕ አፕኒያ ጠረጠርኩ፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ችግር ነው። እንቅልፍ ማስወሰጃ ክኒን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የባሰ ሊሆን ይችላል።

"ክኒኑን አላዝልህም፤ ያየሁትንም እጽፈዋለሁ። ተመልሰህ ሳትበር በፊት ለአቪዬሽን ሐኪምህ ንገረው" አልኩት። ተቆጣ። "አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ይቀልሃል" ብሎኝ ወጣ። ያን ቀን እኔም አልተኛሁም። ልክ ነበረ፤ የልጆቹን ክፍያ የምከፍለው እኔ አይደለሁም።

አንድ ወር ሙሉ አልደወለም። ከዚያ አንድ እሑድ ስልኬ ጮኸ። ነግሯቸዋል! ከበረራ ታገደ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ተደረገለት፣ ጥርጣሬዬም እውነት ሆነ። አሁን ሲፓፕ የሚባለውን፣ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን አድርጎ ይተኛል። ከሦስት ወር በኋላ ሰርተፍኬቱ ተመለሰለት። ድርጅቱ ግን ኮንትራቱን አላደሰለትም።

"ትቆጣኛለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። "ሥራ እየፈለግኩ ነው። ግን ዶክ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሕልም አየሁ" አለኝ።

እናንተም ፓይለት ሁኑ ነርስ፣ ሾፌር ሁኑ የቤት ሠራተኛ፣ በሰው አገር ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ እነዚህን ያዙልኝ፦

👉 ቀን ስትተኙ ክፍሉ ይጨልም፣ ቀዝቀዝ ይበል፣ ስልክ ይጥፋ።
👉 ከሌሊት ሥራ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሸለብ አድርጉ።
👉 ልትተኙ ስድስት ሰዓት ሲቀራችሁ ቡና ይቁም።
👉 ማንኮራፋትና ቀን ቀን የሚጥል እንቅልፍ አብረው ካሉ ተመርመሩ።
👉 እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ወስዳችሁ አትብረሩ፣ አትንዱ።
👉 ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ብታመም ይከፈለኛል? የእረፍት ቀኔ ስንት ነው? ለፓይለት ደግሞ ፈቃድ ቢታገድ የሚክስ ኢንሹራንስ አለ ወይ?
👉 ሕመምን መናገር ሁልጊዜ የሥራ መጨረሻ አይደለም። ለምሳሌ አሜሪካ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ፓይለቶች በክትትል እንዲበሩ ትፈቅዳለች።

ሐኪማችሁን "አትጻፈው" ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አስቡ። እሱ ካላወቀ ማን ይርዳችሁ?

ውጭ አገር ሌሊት የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ዛሬ ደውሉና ደግሞ "ብር ላክ" ሳይሆን "ተኝተሃል ወይ?" በሉት።

መልካም ጤና!