ጉርጥን ማን ይቆጥረዋል?

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የማይቆጠር ነገር ያለ አይመስልም። ሎሚው በመደብ፣ ማገዶው በሸክም፣ ጫቱ በእስር፣ ፍየሉና ግመሉ በራስ ይቆጠራል፤ ቆጥሮ የተቀበለ ቆጥሮ ይሰጣል። ከገበያው አጠገብ በሚያልፈው በደቻቱ ዳር፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ውሃ በቋጠረው ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸውን ጉርጥ ግን የሚቆጥረው ነጋዴ የለም። ዋጋ የለውማ!

በአውሮፓ ግን ዋጋ የሌለውን ፍጥረት ሲቆጥሩ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የሚቆጥሩትም የእሳት ሳላማንደር የሚባለውን ነው። ይኸውም አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ እንሽላሊት የሚመስል፣ ነገር ግን ቆዳው እርጥብና ለስላሳ፣ መልኩ ጥቁር ሆኖ በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ፣ የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። የእሳት መባሉ ስለ ምንድነው ቢሉ፣ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ስለሚደበቅ ግንዱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ከነበልባሉ መካከል እየሮጠ ይወጣ ስለ ነበር ነው ይባላል። የጥንት ሰዎችም ይኸን አይተው እሳት አይነካውም፣ እንዲያውም እሳቱን ያጠፋዋል ብለው አመኑ። ይኸው ወሬ በግሪኩ የፊሳልጎስ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ፊሳልጎስም በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ ከተተረጐሙት መጻሕፍት አንዱ ነው። እንግዲህ ሳላማንደር በእግሩ ያልረገጠውን አገራችንን በወሬ ደርሶበታል ማለት ነው። በአፍሪካ ምድር የሳላማንደር ወገን የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነውና።

አቈጣጠሩ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በብርዱ ወራት እንስሳው በዋሻና በዛፍ ሥር ተደብቆ ስለሚቆይ ቆጣሪውም በቤቱ ይከርማል። ብርዱ ሲለቅ፣ ዝናብ ባካፋበት ሌሊት፣ ቆጣሪው ባትሪ መብራት ይዞ አስቀድሞ በተለካ የጫካ መንገድ ላይ በዝግታ ይሄዳል። በዚያው ወራት እናቲቱ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቿ እንቁላል ሳይሆን ልጆቿን በጅረት ውስጥ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ያን ጊዜ በውሃው ውስጥ ያሉት ሕፃናት ለብቻ ይቆጠራሉ። የበጋው ድርቀት ሲመጣ እንደገና ይሰወራል፤ በመከር ዝናብ ደግሞ ይወጣል። መንገዱ፣ ሰዓቱና የአካሄዱ ፍጥነት በየዓመቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የዘንድሮው ቁጥር ካምናው ጋር አይነጻጸርም።

አንዱን ሁለቴ እንዳይቆጥሩት ምን ያደርጋሉ? ዘዴው ያለው ከእንስሳው ጀርባ ላይ ነው። የአንዱ ሳላማንደር ነጠብጣብ ከሌላው ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ከዚህም ሌላ ፎቶግራፉ ያልታየውን ጭምር ለመገመት ይረዳል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሌሊት 50 ተገኙ እንበል። በሁለተኛው ሌሊት 40 ተገኙ፤ ከነዚህም 10ሩ ፊት የተነሡ ሆነው ታወቁ። ዐሥር የአርባ ሩብ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ 50 የጠቅላላው ሩብ ናቸው ቢባል፣ በጫካው ውስጥ 200 ያህል አሉ ማለት ነው። ይኸን ስሌት የዴንማርኩ የዓሣ ሊቅ ፒተርሰን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ምልክት ባደረገባቸው ዓሦች ሠርቶበታል። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ብዙ ከሞተ ወይም ብዙ ከተሰደደ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። ሒሳብ ለምን ይጠቅማል እያሉ ለሚያማርሩ ተማሪዎች ይኸን ብንነግራቸው ደስ ይለናል።

ይኸ ሁሉ ድካም ፍሬው የታየው በኔዘርላንድ ነው። በዚያ አገር በደቡብ በኩል ባለው የቡንደርቦስ ጫካ ለዓመታት ሲቆጠር የኖረው ሳላማንደር በድንገት ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው ከ2010 ወዲህ ከመቶው 96ቱ አልቀው ነበር። ጫካው አልተመነጠረም፤ ጅረቱም አልደረቀም። በመጨረሻ ቆዳን የሚበላ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የፈንገስ በሽታ ተገኘ፤ መነሻውም ከእስያ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። የቀድሞው ቁጥር ተመዝግቦ ባይቆይ ኖሮ ማን ልብ ይለው ነበር?

የኛስ? ሳላማንደር ባይኖረንም ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች አሉን፤ ከነዚህም ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም። በኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊ ማልኮልም ላርገን ብዙዎቹን በየተራራው እየዞረ መዝግቧል፤ ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ያዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ላርገን በሐረና ደን አግኝቶ ስም ያወጣላቸውን ሁለት የእንቁራሪት ወገኖች ሌሎች ሊቃውንት ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሰው ቢፈልጓቸው ቁጥራቸው እጅግ አንሶ ተገኘ። በተራሮቻችን ይኖር የነበረውና ከ1926 እስከ 1927 ወደ ኢትዮጵያ በመጣው የቺካጎ ሙዚየም ጉዞ መሪ በኦስጉድ ስም የተጠራው ጉርጥ ደግሞ ከ2003 ወዲህ አልታየም። የሳላማንደሩን ገዳይ የቅርብ ዘመድ የሆነው ፈንገስም በደጋው አገራችን በብዙ እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጽፏል።

«ጉርጥ ቢጠፋ ምን ይጐድልብናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በኮስታሪካና በፓናማ ይኸው በሽታ እንቁራሪቶችን ከጨረሰ በኋላ በየአውራጃው የወባ በሽተኛ ለጥቂት ዓመታት መብዛቱን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እርግጥ ድሬዳዋን በዚያው በ2022 የመታት ወባ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ያስተላለፈው ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ስትሆን፣ እሷ የምትራባው ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ስለ ሆነ ጉርጥ አይደርስባትም። ነገር ግን እሷም ቢሆን የታወቀችው የጤና ባለሙያዎች በየቤቱ እየገቡ የውሃ ዕቃውን እየከፈቱ ትልዋን በመፈለጋቸው ነው። በበጋም እንደማትጠፋ የተረዱት በዚሁ ነው። የቆጠራን ጥቅም ለመረዳት የድሬ ሰው ኔዘርላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቀጥሎም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ጉርጥ ነጠብጣቡ እንደ ሳላማንደር ባያስተማምን እንኳ ድምፅ አለው፤ የየወገኑ ወንድ ጩኸት ለየብቻ ነው። አሜሪካኖች የሚሠሩበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ከጨለመ በኋላ አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ምንም ካልተሰማ 0፣ ድምፁ አንድ በአንድ የሚለይ ከሆነ 1፣ መደራረብ ከጀመረ 2፣ ሁሉም አንድ ላይ ካስተጋባ 3 ተብሎ ይጻፋል። ዜሮውም ይጻፍ፤ በኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር እሱ ነው፤ ሰው ግን ባዶ እጁን ሲመለስ መጻፍ ይሰለቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፤ ወደ ደቻቱ አሸዋ ማንም በሌሊት እንዳይወርድ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጐርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። በከተማው ሰማይ ላይ ደመና ባይኖር እንኳ ከላይ በተራራው የጣለው ዝናብ ሳይታሰብ ይደርሳል። ጩኸቱ ከዳር ሆነው ቢያዳምጡትም ይሰማል። መዝገቡም በእርሳስ ቢጻፍ ይሻላል፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል።