በካምፓላ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ወጪው ስንት ነው?

በካምፓላ ከተማ ሰሜን ከብዌዮገሬሬ እስከ ቡሴጋ የሚደርሰው 21 ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሲከፈት አብዛኛው ጠባብ ነበር። አንድ የጭነት መኪና የተበላሸበት እንደ ሆነ፥ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት በቀር የሚሾልክ አልነበረም። በኋላ እንዲሰፋ ተደረገ።

ጎታች መኪናን ከነሠራተኞቹ ሌትና ቀን አዘጋጅቶ ማቆየት፥ አደጋ በሌለበትም ቀን ደመወዝ ያስከፍላል። የሒሳብ ሹሞች ቅር ቢላቸው አንፈርድባቸውም። ነገር ግን መንገዱ 20 ደቂቃ ቀድሞ ቢጸዳ፥ የታገዱ 600 መንገደኞች በድምሩ 200 ሰዓት ያተርፋሉ፤ ይህም ትርፍ በማንም መዝገብ አይጻፍም። ወደ ሙላጎ ሆስፒታል የሚወሰድ ቁስለኛ በመካከላቸው ቢኖርማ፥ የእርሱን ደቂቃ በምን ሚዛን እንመዝነዋለን?

ወደ እንቴቤ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ባለ መኪናው ከ2022 ጀምሮ የመተላለፊያ ዋጋ ይከፍላልና፥ ወጪው ከየት ይምጣ የሚለው ክርክር በዚያ ይቀላል።