ሴቶች በኢትዮጵያ ስፖርት፦ ዘግይቶ የተከፈተ በር

በብልባላም ሆነ በሌሎቹ የላስታ መንደሮች የልደት በዓል ያለ ገና ጨዋታ አይታሰብም። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የሚባለውን ኳስ እየመቱ ሁለት ወገኖች ይፋለማሉ። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ ሲነገር ኖሯል። የጌታና የሎሌን አጥር ያፈረሰው ሜዳ ግን በልማድ የወንዶች ብቻ ነው።

ባሕር ማዶም ያው ነበር። አሜሪካኖች በዱላና በኳስ የሚጫወቱት ቤዝቦል ከ1943 እስከ 1954 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ነበረው። በ1952 ግን የወንዶቹ ክለቦች ሴት እንዳያስፈርሙ ተከለከሉ። ኦሊምፒክም የሴቶችን 800 ሜትር በ1928 አንዴ አሩጦ፣ «አይችሉም» ብሎ እስከ 1960 ዘግቶታል።

የእኛ ሴቶች ታሪክ ከዚህ ጋር የተቆራኘ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ አልነበረም፤ የተጀመረው በ1984 ነው። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር የገባው ደግሞ በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያጠለቀችው ርቀቱ ገና ለሁለተኛ ጊዜ ሲካሄድ ነበር። በአራት ዓመቱ ፋጡማ ሮባ የአትላንታን ማራቶን አሸነፈች። ችሎታው ቀድሞም ነበር፤ የዘገየው በሩ ነው። ደራርቱ በ2018 ከኃይሌ ገብረሥላሴ ቀጥላ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መምራት መጀመሯም ትልቅ እርምጃ ነበር።

እግር ኳሱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በ2004 የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ ማልታና አሜሪካ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኝታለች። አገር ቤት ግን የሴት ተጫዋች ደመወዝ ከወንዱ እጅግ ያንሳል፤ በ2020 በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም የወንዶቹ ሊግ ነው። ጨዋታው ካልታየ ስፖንሰር አይመጣም፤ ስፖንሰር ከሌለ ደመወዙ አያድግም። ከዚያ «ገቢ አያስገቡም» ይባልና ጥፋቱ በእነሱ ይላከካል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የሴቶችም ግብር ነውና በጀት የሚያጸድቁ ሁሉ የሁለቱን ቡድኖች ደመወዝ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩት፣ ልዩነቱንም ለሕዝብ ያስረዱ።