የተረኛ ባለሙያ ትርፍ ደቂቃዎችና የፈተና ዝግጅት

ለሙያ ፈቃድ ወይም ለስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ የጤና ባለሙያ ለጥናት የሚያስበው በአብዛኛው የዕረፍት ቀኑን ብቻ ነው። ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ያለው የዕረፍት ቀን ግን ለእንቅልፍ ይውላል፤ መጽሐፉም ሳይገለጥ ይሰነብታል። በአንጻሩ የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠበቅበት፣ ለታክሲ የሚሰለፉበት ወይም ተረካቢው ባልደረባ እስኪደርስ የሚቆዩበት አሥር ደቂቃ ከቁጥር አይገባም።

ስለ ማስታወስ የተደረጉ ጥናቶች ለእነዚህ ደቂቃዎች ያደላሉ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በሦስት ቀናት የተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ በአንድ ቀን ከተደረገ 68 ድግግሞሽ ያላነሰ ውጤት እንዳስገኘ ገልጿል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ ካነበቡ በኋላ ያስታወሱትን ከጻፉት ጋር አነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት ብልጫ ነበራቸው (81 በመቶ ከ75 በመቶ)፤ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ስለሚፈጥር አታላይ ነው።

እንግዲህ በአጭር ጊዜ መጽሐፍ ከመግለጥ ይልቅ ራስን መጠየቅ ይሻላል። በጋዋን ኪስ በሚገባ ወረቀት ፊት ላይ «የማግኒዚየም ሰልፌት መመረዝ ምልክቶችና ማርከሻው?» ተብሎ ይጻፋል፤ በጀርባው የጉልበት ሪፍሌክስ መጥፋት፣ የአተነፋፈስ መዳከምና የካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ መስጠት ይሰፍራል። መልሱ በቃል ካልተነገረ በፊት ወረቀቱ አይገለበጥም። የተሳተው ካርድ በማግሥቱ፣ የተመለሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለስበታል። በእጅ ስልክም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ ስልክ ግን ሌላ ወሬም ይዞ ይመጣል።

ሁሉም ክፍት ደቂቃ ትርፍ አይደለም። መድኃኒት በሚለካበትና የሕሙማን ርክክብ በሚደረግበት ጊዜ የተከፋፈለ ሐሳብ በሽተኛን ይጎዳል። በጓንት የተነካ ካርድም ኪስ ውስጥ ሊመለስ አይገባም። እንቅልፍን ቆርጦ የሚገኝ ሰዓትም ከትርፍ አይቆጠርም፤ የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነውና።

ስለ አሲድና ቤዝ መዛባት ያሉ፣ ተያያዥ አስተሳሰብ የሚጠይቁ ርዕሶች በአሥር ደቂቃ አይገቡም። ለእነርሱ በሳምንት ሁለት ያልተቆራረጡ ሰዓታት ተለይተው ቢያዙ፣ ከዚያ የተገኘው በካርድ እየተጻፈ ለተረኝነቱ ቀናት ይቀመጣል።