የተጎዳ ውሻ የመጀመሪያ እርዳታና የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት አጠቃቀም

ውሻ በተሽከርካሪ ሲገጭ፣ በአጥር ሽቦ ሲቆረጥ ወይም ከሌላ ውሻና ከጅብ ጋር ሲናከስ ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወስደው እርምጃ የእንስሳውን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ጉዳቱ ንክሻ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከውሻው አልፎ የቤተሰቡንም ጤና ይመለከታል። ይህ ማብራሪያ ውሻው ወደ ሕክምና ተቋም እስኪደርስ ድረስ ሊደረግ የሚገባውን ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ራስዎን ይጠብቁ

ሕመም የሚሰማው ውሻ አሳዳጊውንም ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ሕፃናትን ያርቁ፤ በዝግታና ከጎን በኩል ይቅረቡ፤ ጓንት ወይም ንጹሕ ፌስታል በእጅዎ ያጥልቁ። አፉን ለስላሳ በሆነ ጨርቅ ማሰር ይቻላል። ሆኖም ውሻው የሚያስታውክ፣ ለመተንፈስ የሚቸገር ወይም አፉ ላይ የቆሰለ ከሆነ አፉ መታሰር የለበትም።

የመጀመሪያ እርዳታ አሰጣጥ

1. ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑ። ጨርቁ በደም ከራሰ ሳያነሡት ሌላ ይደርቡበት።
2. ደሙ ከቆመ በኋላ ቀላል ቁስልን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይጠቡ። ለግማሽ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።
3. ቁስሉ ውስጥ የተሰካ እንጨት ወይም ብረት ካለ አይንቀሉት፤ የሚፈሰው ደም ሊጨምር ይችላልና።
4. አጥንት መሰበሩ ከተጠረጠረ ለማቃናት አይሞክሩ። ውሻውን በጣውላ ወይም በተወጠረ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተው ያጓጉዙ።
5. ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ያልብሱት። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ምግብ አይስጡት።

ሊደረጉ የማይገባቸው ተግባራት

ቁስል ላይ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ማድረግ በአንዳንድ አካባቢዎች የተለመደ ነው። ዱቄትና አመድ ቆሻሻ ወደ ቁስሉ ያስገባሉ፤ ናፍጣና ዘይት ደግሞ ሥጋውን ያቃጥላሉ፤ ውሻው ሲልሳቸውም ይመርዙታል።

ለሰው የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻም አይስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት በአነስተኛ መጠን እንኳ ገዳይ ነው።

ጉዳቱ ንክሻ ከሆነ

የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ አማካይነት ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም በእንስሳም ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። የነከሰው እንስሳ ምራቅ በውሻዎ ጠጉርና ቁስል ላይ ሊቀር ስለሚችል ያለ ጓንት አይንኩት። ክትባት የተከተበ ቢሆንም እንኳ የተነከሰ ውሻ ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። ያልተከተበ ከሆነ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ይታሰር። በሽታው ከንክሻው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ሊገለጥ ስለሚችል ውሻው ዛሬ ጤነኛ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም።

ውሻው ሰውን ከነከሰ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳ ከነካ ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የነከሰውን ውሻ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ ሳይገደል ለ10 ቀናት በባለሙያ ክትትል ሥር ይቆይ። ይሁን እንጂ የክትትሉን ውጤት በመጠበቅ የተነከሰው ሰው ሕክምና መዘግየት የለበትም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ክሊኒክ ይሂዱ። ቦታውን ካላወቁ የወረዳዎን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ሲሄዱ የውሻውን የክትባት ካርድ ይያዙ፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓትና ሁኔታ፣ የነከሰው እንስሳ ባለቤት ያለው መሆኑን እንዲሁም የሰጡት መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። የድዱ መንጣት፣ የትንፋሽ መቸገር፣ የማይቆም ደም፣ የሆድ መነፋት ወይም መነሣት አለመቻል ከታየ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ከሕክምና በኋላ

ውሻውን ንጹሕና ደረቅ በሆነ ስፍራ ያሳርፉ። ፋሻው እንዳይርስ፣ ውሻውም ቁስሉን እንዳይልስ ይከታተሉ። ዝንብ ያረፈበት ቁስል ሊተላ ስለሚችል በየቀኑ ይመልከቱት፤ እብጠት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካዩ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። የታዘዘውን መድኃኒት ውሻው የተሻለው ቢመስልም እስከ መጨረሻው ይስጡ።

ውሻዎን ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ማስከተብና በቀጠሮው መሠረት ማሳደስ ድንገተኛ ንክሻ ሲያጋጥም የውሻዎንም የቤተሰብዎንም ሕይወት የሚታደግ ነው።