ለትራክተር ማቆሚያ ቤት የሲሚንቶ ወለል የሚስማማ ቅብ አመራረጥና አቀባብ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ትራክተር፣ የእህል መውቂያ ወይም የጭነት መኪና ያላቸው ማኅበራትና ግለሰቦች የማቆሚያ ቤታቸውን ወለል በሲሚንቶ ያሠራሉ። ይሁን እንጂ ወለሉ ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ አቧራ መስጠት ይጀምራል፤ የሚንጠባጠበው ናፍታና የሞተር ዘይትም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከአጨዳ በኋላ በዚያው ቤት የእህልና የማዳበሪያ ጆንያ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የወለሉ ጉዳት ለእህሉም ይተርፋል።

ለዚህ ብዙ ሰው የሚያስበው መፍትሔ ቀለም ነው። ነገር ግን ቀለም ከላይ የሚፈሰውን ይከላከል እንደሆነ እንጂ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት አያቆምም። የሲሚንቶ ወለል እንደ ሸክላ ማድጋ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ በኩል ውሃ ይስባል፤ የሳበውንም በእንፋሎት መልክ ያስወጣል። መውጫው በቀለም ሲደፈን እንፋሎቱ ቀለሙን እያነሣ ይልጠዋል። በተለይ የዘይት ቀለም በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲቀባ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ቅቡ ይለሰልስና ይላቀቃል። በእበት የሚለቀለቀው የቤት ወለላችን እርጥበትን ያሳልፋል፤ ቢሰነጠቅም በቀላሉ እንደገና ይለቀለቃል። የሲሚንቶ ወለል ላይ የተበላሸ ቀለምን ፍቆ ማንሣት ግን ከመቀባቱ የበለጠ ገንዘብና ጉልበት ይፈጃል።

ስለሆነም የቅቡን ዓይነት ከመምረጥ በፊት ወለሉን መፈተን ያስፈልጋል።

ፈተናው በነሐሴ፣ ቅቡ በመጋቢት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት ከምታገኘው 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በመጋቢት ደርቆ የሚታይ ወለል በነሐሴ ላብ ሊያወጣ ይችላል። በበጋ ብቻ ፈትኖ መቀባት ግማሹን ብቻ አይቶ እንደ መፍረድ ስለሆነ ፈተናው በክረምት ቢደረግ ይመረጣል።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ማጣበቅ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ መግለጥ። ይህን ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ አንዱን በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ማድረግ ይገባል። ከላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች ይመጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ወለል በዘይት ቀለምም ሆነ በኢፖክሲ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። በቅድሚያ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ መቀበል፣ በቤቱ ዙሪያም የውሃ መሄጃ ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል። ወለሉ ገና የሚሠራ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እጅግ ርካሽ ነው፤ ይኸውም ከተጠቀጠቀው ድንጋይና አሸዋ በላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፎ ኮንክሪቱን በላዩ ማፍሰስ ነው።

በቢቸና አካባቢ እንዳለው ባለ ዋልካ መሬት ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ይህን ስንጥቅ ምንም ዓይነት ቅብ አይሸፍነውም። በሲሚንቶ ቢደፈንም በሚቀጥለው ዓመት ስለሚከፈት በሬንጅ መሙላት ይሻላል።

ወለሉን ስለ ማዘጋጀት

አዲስ ኮንክሪት ለ7 ቀን በውሃ እየራሰ መቆየትና ከፈሰሰ 28 ቀን ሳይሞላው አለመቀባት አለበት። በሊሾ የተጨረሰ ወለል ልሙጥ በመሆኑ ቅቡ የሚይዝበት የለውም፤ ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ ወይም በመፈግፈጊያ ድንጋይ መሻከር አለበት። አንዳንዶች ለዚህ አሲድ ይጠቀማሉ። ጭሱ ሳንባን ከመጉዳቱም በላይ በቤቱ ያሉትን ብረቶች ስለሚያዝግ እኛ አንመክረውም። አሲድ ዘይትንም አያስለቅቅም።

ዘይትና ግሪስ ያለበትን ቦታ መጀመሪያ መፋቅ፣ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነስንሶ እንዲመጠው መተው፣ ቀጥሎም በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ነው። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ወዲያው ከጠጣው ተዘጋጅቷል፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቀረ ግን ዘይቱ ገና አልለቀቀም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትን አቧራ ለማጥፋት ወለል ላይ የሚያፈሱ አሉ። ይህ ኋላ የሚመጣውን ቅብ ሁሉ የሚከለክልና እህልን የሚያሸት መጥፎ ልማድ ነው።

የትኛው ቅብ ይሻላል?

ከታች እርጥበት ላለውና አቧራ ለሚሰጠው ወለል የሚስማማው ሶዲየም ሲሊኬት ነው። ይህ ፈሳሽ ለሳሙና መሥሪያም ያገለግላል። በላይ የሚቀመጥ ልባስ ሳይሆን ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ገጹን የሚያጠነክር ነው፤ እንፋሎትንም አያፍንም። አንድ እጅ ፈሳሹን በአራት እጅ ውሃ በጥብጦ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ማጠጣት ነው። በየመካከሉ ላዩ ላይ የቀረውን በውሃ ማጠብ ያሻል።

ወለሉ ደረቅና አሮጌ ከሆነ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ጥሩ ምርጫ ነው። ከነጭ ጋዝ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሎ በስሱ መቀባት፣ ያልሰረገውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ማንሣት፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ መድገም ነው። ወለሉን ያጠቁረዋል፤ የፈሰሰ ናፍታም ቶሎ ከተጠረገ ብዙ አይጎዳውም። በቤት የተጨመቀ ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ እጅግ ይዘገያል። የኑግ ዘይት ደግሞ እየተጣበቀ አቧራ ስለሚሰበስብ አይሆንም። በሥራው ጊዜ እሳትና ሲጋራ መራቅ አለባቸው። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ክብሪት ሳይነካው ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ስለሚችል ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ግድ ነው።

ከሁሉም ጠንካራውና ውዱ ኢፖክሲ ነው። ናፍታና ግሪስ ዘወትር ለሚፈስበት የጋራዥ ወይም የወፍጮ ሞተር ቤት ወጪው ሊያዋጣ ይችላል፤ ትራክተር ብቻ አድሮበት ለሚወጣ ቤት ግን አያስፈልግም። ሁለቱን ክፍሎች ፋብሪካው በጻፈው ልክ ሰፍሮ መቀላቀል እንጂ በዓይን መገመት አይገባም፤ ልኩ ከተዛባ ተጣብቆ ይቀራል። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ብርድ በደንብ ስለማይጠነክር ታኅሣሥና ጥር ዝናብ ባይኖርባቸውም አይመቹም። ከየካቲት አጋማሽ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢጨረስ ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ መጠንከር ይጀምራል። እጅን በጓንት መሸፈንና በሮችን መክፈት ያስፈልጋል። እንዳያንሸራትት ቅቡ ሳይደርቅ ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ይነስነስበት። ትራክተሩን ቢያንስ ለ7 ቀን ማስገባት የለም፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ መቆየት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው የበሩ ደፍ እየነጣ መዱቄቱ ስለማይቀር፣ ያንን ክፍል ሳይቀቡ መተው ይቻላል።

የትኛውም ቅብ ቢመረጥ የእህል ጆንያ ሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋ መግባት የለበትም፤ ሲገባም በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር። እንደ ኤን ፒ ኤስ ያለ ማዳበሪያ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሲሚንቶን ይበላል። ስለዚህ የፈሰሰውን በውሃ ሳይሆን በመጥረጊያ፣ በደረቁ አፍሶ ማሳ ላይ መበተን ነው።